አምባሻው ላይ መስቀሉን ማን አሰመረው?

እንግሊዞች በስቅለት ዕለት የሚበሉት አንድ ትንሽ ዳቦ አላቸው። ዘቢብና ቅመም የገባበት፣ አናቱ ላይ በነጭ ሊጥ መስቀል የተሠራበት ነው። ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ላይ ቡና ከሚጠጡ እናቶች መሀል ተቀምጬ ይህን ሳወራ በመስቀሉ የተገረመ አልነበረም። የተገረሙት በቀኑ ነው። «በስቅለት? ስግደቱስ?» አሉኝ አንዷ። ሀብሩ ውስጥ የስቅለት ዕለት ክርስቲያኑ ሲሰግድ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ከዚያ በፊት ማን ዳቦ ያነሳል? ከጎናቸው የተቀመጡት ሙስሊም ጎረቤታቸው ግን ነገሩን አቀለሉት። «ተያቸው እስቲ፣ አገራቸው ብርድ ነው።»

እንግሊዞቹ ስለ ዳቧቸው የሚያወሩት ብዙ ነው። ሴንት ኦልባንስ በሚባል ገዳም የነበረ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1361 ለድሆች ሲያድል ጀመረው ይላሉ፤ ገዳሞቻችንም ቢሆኑ ታሪክ አያንሳቸውም፣ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1592 ደግሞ የለንደን ገበያ ሹም ቅመም የገባበት ዳቦ ከገና፣ ከስቅለትና ከቀብር ቀን በስተቀር እንዳይሸጥ ከለከለ። ያማረው ሰው እቤቱ ይጋግር ነበር። በስቅለት የተጋገረው ዳቦ አይሻግትም ብለውም ዓመቱን ሙሉ ኩሽና ውስጥ ያንጠለጥሉት ነበር። እኛ ዘንድ ይህን መሞከር አይቻልም፤ ጎረቤት እያለ ዳቦ እስከ ማታም አይደርስ።

የእኛው አምባሻ መነኩሴ የለውም፣ ገበያ ሹምም አልደረሰበትም። የስንዴው ዱቄት በእርሾ ይቦካል። ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላልና የተፈጨ ኮረሪማ ይገባበታል። ሊጡ ኩፍ ሲል ዘይት በነካው ምጣድ ላይ በመዳፍ ይደለደላል። ጌጡ የሚሠራው እዚያው ምጣዱ ላይ ነው፣ እሳቱ ሳይበረታ። መሀሉ ላይ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ይታተማል። ከክቡ ተነስቶ እስከ ጠርዙ በቢላ መስመር ይወጣል፣ በመስመሮቹ መካከል በሹካ ይወጋጋል፣ ጠርዙም በጣት ይቆነጠራል። ሹካ ከሌለ ስንጥር ይበቃል። ከዚያ ይከደናል፤ አንድ ፊቱ ሲበስል ይገለበጣል። የባለሙያዋ እጅ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ መስመሩ ወይ ይኖራል ወይ ጠፍቷል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ መስመር ነው። ክርስቲያኗ ስታሰምረው መስቀል ነው። በዚያው ግቢ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤቷም ለዒድ እንዲሁ ታሰምራለች፤ የእሷ ደግሞ መስመር ብቻ ነው። ወሎ ውስጥ ሥጋው በየእምነቱ ይለያያል፣ ዳቦ ግን ከቤት ቤት ይሻገራል። አምባሻ ሲሰጣት መስመሩ ስንት ነው ብላ የቆጠረች ሴት አላየሁም።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ክብ ዳቦን እኩል ለአራት ለመክፈል መስቀል ከማስመር የቀለለ መንገድ የለም። መስመሩን ያመጣው የበላተኛው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ የሚባለው እሳተ ገሞራ ጣሊያን ውስጥ ፖምፔን ሲቀብር ምድጃ ውስጥ የቀሩ ዳቦዎች ከሰል ሆነው ተገኝተዋል። ክብ ናቸው፤ ከመሀላቸው ለስምንት ተሰምረዋል። ከተማዋ የጣዖት ከተማ ነበረች፣ ዳቦ ጋጋሪውም ስለ ጎልጎታ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። ስምንት ሰው ይበላ ነበር፣ በቃ።

ይህን ለአንድ ቄስ ብነግራቸው ፈገግ አሉና «ታዲያ እሱስ የተሰቀለው ሥጋውን ቆርሶ ሊያካፍል አይደለም?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። ቅዱስ ቁርባን የሚጋገርበት ቤተ ልሔም በየደብሩ አለ፤ በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ ላይ፣ ከአለት ከተፈለፈሉት አንዱም በዚሁ ስም ይጠራል። ቄሱ ዳቦና መስቀልን ለይተው አይተው አያውቁም። የአክሱሙ ኢዛናም ቢሆን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ከሳንቲሙ ላይ ያነሳው ጨረቃዋንና ክቧን ነው፤ በቦታቸው መስቀል ገባ። የንጉሡን ምስል ግራና ቀኝ ያቀፉትን ሁለት የእህል ዛላዎች ግን አልነካም። እስልምና ገና ያልመጣበት ዘመን ነው፤ ጨረቃዋ ከክርስትና በፊት የነበረው አምልኮ ምልክት ነበረች። ምልክት ይቀያየራል፣ እህሉ እዚያው ነው።

ስንዴውም ቢሆን ለሀብሩ የዘወትር እንግዳ አልነበረም። ቆላው የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ የተሰየመው በዚሁ በሀብሩዋ ጊራና ነው። ስንዴ ከደጋው ወርዶ ለበዓል ይገዛ ነበር፣ ስለዚህም ጌጥ ይገባው ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ግን ስንዴ በጆንያ ሆኖ በመኪና መጣ። ተቀቀለ፣ ቂጣ ሆነ፣ ነፍስ አተረፈ። ብርጭቆ አምጥቶ ክብ ያተመበት ያለ አይመስለኝም። ለኔ በእርዳታ ስንዴና በበዓል ስንዴ መካከል ያለው ልዩነት ያ የሻይ ብርጭቆ ነው።

አሁን ወልድያ ላይ ደግሞ ሌላ ጌጥ መጥቷል። ድፎው በኦቭን ይጋገራል፤ አናቱ ላይ ሊጥ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ መስቀል ይለጠፍበታል፣ አበባ ይጨመርበታል፣ ፎቶ ይነሳል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የተለጠፈ መስቀል አይከፍልም። የሚባርኩት ሽማግሌ ቢላውን ይዘው የት ጋ ልጀምር እያሉ ሲያመነቱ አይቻለሁ፤ አበባውን ላለመንካት ጠርዝ ጠርዙን ሲዞሩ ልጆቹ በጉጉት አለቁ። የእንግሊዞቹም ነገር ይኸው ነው። ዳቧቸው ለአንድ አፍ የምትበቃ ናት፣ መስቀሏን ተከትሎ የሚቆርሳት የለም። እኔ በዚህ ከአምባሻ ጋጋሪዎቹ ጋር ነኝ፤ መስመር የሚሰመረው ሊቆረስበት ነው።

እንግዲህ ለመጪው በዓል አምባሻ የምትጋግሩ፣ እርሾ የሚነሳ ነገር ነውና መስመሩን ጠለቅ አድርጉት። ከአራት በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ለስምንት አሰምሩት።