አንድ ቅዳሜ ለቤታችን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፉት ስድስት ወራት ከቤተ ክርስቲያን ልጆች ጋር ስንት ጊዜ ወጥታችኋል? ከእናትና ከአባታችሁ፣ ከታናናሾቻችሁ ጋርስ? የእኔን የመጀመሪያውን መልስ ለመቁጠር ጣቶቼ አይበቁም ነበር። ሁለተኛው ግን ዜሮ ነበር።

ባለፈው ዓመት የመዘምራን ኅብረታችን ለአንድ ቀን ጸሎትና ዕረፍት ወደ ቢሾፍቱ ሄዶ ነበር። እኔ ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ መዋጮ ሰበሰብን፤ አውቶቡስ ተከራየን፤ ዳቦ የሚገዛ፣ ውሃ የሚያመጣ፣ ፕሮግራም የሚመራ መደብን። ቀኑ የተባረከ ነበር። ሐይቁ ዳር ዘመርን፣ ጸለይን፣ ተጫወትን። ማታ ፀሐይ ያከሰለው ፊቴን ይዤ ቤት ገባሁ።

እማዬ ልብስ እየተኮሰች ነበር። በስልኬ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አሳየኋት። አንዱ ላይ ቆም አለችና «ውሃው ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?» አለች። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። እማዬ ደግሞ እዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ትንሿ እህቴ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ብላ ጠየቀች። ቤታችን ሁልጊዜ የሚባለውን መለስኩላት፤ «ገንዘብ ሲኖረን።»

ያን ሌሊት ልጸልይ ተንበርክኬ ቃል አጣሁ። ለኅብረቱ ጉዞ ሁለት ወር ስሮጥ ገንዘብ ተገኝቷል። ለቤቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አላቀድኩም። አባዬ ወደ ጌታ ከተሰበሰበ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ከእርሱ ጋር አንድም ቀን አብረን ሳንወጣ ነው የሄደው። ያኔም ምክንያታችን ገንዘብ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ልጆች እግዚአብሔርን መምሰል አስቀድመው በገዛ ቤታቸው እንዲማሩና ለወላጆቻቸው ብድራት እንዲመልሱ ያሳስባል። እኔ ከቤት በቀር በሁሉም ቦታ አገልጋይ ነበርኩ።

ለመዘምራን መሪያችን አንድ ቅዳሜ ልምምድ እንደምቀር ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ከእናትሽ ጋር ከሆነ ሂጂ» አለኝና ጥቂት ዝም ብሎ «እኔም ማሰብ አለብኝ» አለ።

ከባዱ እማዬን ማሳመን ነበር። «ቅዳሜ የልብስ ቀን ነው» አለች። ዓርብ ማታ ሦስታችን ልጆች ተካፍለን አጠብነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቤቱን ሥራ አስቀድማችሁ ካልተካፈላችሁ፣ መውጣቱ ለእናታችሁ ዕረፍት ሳይሆን ሌላ ድካም ይሆንባታል። እህቴ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች፤ እኔ ፍርፍሩን ምሳ ዕቃ ውስጥ አደረግሁ፤ ሻዩን በፔርሙስ፣ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዝን። መቀመጫ እንዲሆነን አሮጌ ጋቢ ጨመርን። መንገድ ላይ ምንም ላንገዛ አስቀድመን ተስማማን፤ ይህን ቤት ውስጥ ካልተስማሙበት የትንሽ ልጅ ልመና ቀኑን ሙሉ አያርፍም።

የመረጥኩት እንጦጦን ነበር። ሰፈራችን ከሽሮ ሜዳ ብዙ አይርቅም፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ ታክሲ አለ። እማዬ ስትሰማ «እንጦጦ? እዚያ ምን አለኝ?» አለች። ስንፍና መስሎኝ ሳቅሁ።

አጀማመራችን የሚያምር አልነበረም። ወንድሜ የእግር ኳስ ጨዋታ ያመልጠኛል ብሎ አኩርፏል። የፔርሙሱ ክዳን ላልቶ ሻይ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ከታክሲ ወርደን በዋናው መንገድ ዳር በባሕር ዛፎቹ መካከል መራመድ ስንጀምር፣ ብርዱ ከሰፈራችን ብርድ የተለየ ነበር፤ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋልና ሹራብ ሳትይዙ አትውጡ።

ከወደ ላይ እናቶች መጡ። ወገባቸው እስኪታጠፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመዋል፤ ፊታቸው አይታይም። እማዬ ቶሎ ብላ ከመንገዱ ወጣችና እኛንም ሳበችን። «በርቱ እህቶቼ፣ አይዟችሁ» አለቻቸው። ካለፉ በኋላም ቆማ አየቻቸው። ከዚያ እንዲህ አለችን፦

«አንቺ ሳትወለጂ ሦስት ዓመት ይሄን ተሸክሜያለሁ።»

ማናችንም አናውቅም ነበር። ጎህ ሳይቀድ እንደሚነሡ፣ ጅቡንም ጥበቃውንም እንደሚፈሩ፣ ገመዱ ደረታቸውን እንዴት እንደሚቆርጥ ነገረችን። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ከፍ ያለ አፈር አሳየችን። ሸክሙን እዚያ ላይ አስደግፈው ቆመው ያርፉ ነበር፤ መሬት ካወረዱት ብቻቸውን መልሰው ሊያነሡት አይችሉማ። ያኮረፈው ወንድሜ ኳሱን ረስቶ «ስንት ኪሎ ይሆናል?» «በቀን ስንቴ?» እያለ ይጠይቃታል።

ከተማው ወደሚታይበት ቦታ ስንደርስ ጋቢውን አነጠፍን። እማዬ ግን አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ሰብስባ ቆማ ታያለች። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ እንጦጦ ሰፍረው እንደነበር ለእህቴ ነገርኳት፤ እርሷ ግን የምትፈልገው የቤታችንን ቆርቆሮ ነበር። «እማዬ፣ ያኔም እንዲህ ይታይ ነበር?» አለቻት። እማዬም «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ሁልጊዜ አጎንብሼ ነበር የምወርደው» አለች።

በመዝሙር ስለ ሸክም ስንት ጊዜ ዘምሬያለሁ። በዓይኔ ፊት ያለውን ጀርባ ግን አላየሁትም ነበር።

ምሳ ስንበላ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ትዝ አለኝ። ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ስለነበር ለመብላት እንኳ ጊዜ አላገኙም። ጌታ ግን ሌላ ሥራ አልጨመረባቸውም፤ ለብቻቸው ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። ይህን ክፍል ሁልጊዜ የምናነበው ለአገልጋዮች ነው። ያን ቀን ለእማዬም የተጻፈ ሆኖ ታየኝ። ስብከት ግን አልሰበክሁም። ዳቦ ቆሎውን አቀበልኳትና የምታወራውን ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ስንወርድ ፔርሙሱንና ምሳ ዕቃውን እኛ ይዘን እማዬ ነጠላዋን ብቻ ለብሳ ትሄዳለች። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ «ከእንጦጦ ሳልሸከም ስወርድ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አለች። የቀኑ ወጪ የአራታችን የታክሲ መሄጃና መመለሻ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቅዳሜ የቤታችን ነው። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስለተገኘችው ድንቅነሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ያወቀውን ሲያስረዳን እንደ መምህር ደረቱን ነፍቶ ነበር። ቀጥሎ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን አስበናል። ለቢሾፍቱም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያጠራቀምን ነው፤ እማዬ ያን ውሃ በዓይኗ ማየት አለባት። እናንተ ሐዋሳ ከሆናችሁ ሐይቁ ደጃችሁ ነው። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጣና አለላችሁ፤ አርባ ምንጭ ያላችሁም ከከተማችሁ ሆናችሁ ዓባያንና ጫሞን ታያላችሁ። ገጠር ያላችሁ ደግሞ ወንዙም ዛፉም ቅርባችሁ ነው። መነጋገሪያ ርእስ አትጨነቁ፤ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና «በእኔ ዕድሜ ሳለሽ ምን ትሠሪ ነበር?» ብላችሁ እናታችሁን ጠይቋት። አባታችሁም በሕይወት ካለ እርሱን ጠይቁት።

የኅብረት ጉዞ ይቅር አላልኩም፤ እኔም በሚቀጥለው እሄዳለሁ። ግን ቀጣዩን መዋጮ ከመክፈላችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን አውጡና አንድ ቅዳሜ ላይ የቤታችሁን ስም ጻፉበት። ዓርብ ማታ ደግሞ ልብሱን እጠቡ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።