ከምድር ጫፍ እስከ ምድር ጫፍ በብስክሌትና በድንኳን

ብስክሌት ሲባል በቅድሚያ ምን ይታያችኋል? መሪውን ለቆ ቁልቁለት የሚወርድ የሰፈር ጎረምሳ፣ ወይም «እማዬ ግዥልኝ» እያለ የሚያለቅስ ልጃችሁ ይሆናል። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ በልጅነቴ በኪራይ ብስክሌት ከወንድሞቼ ጋር ተለማምጃለሁ። ይሁን እንጂ ትዳር ይዤ፣ ልጆች አሳድጌ፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በነርስነት ሙያ ስኖር ቆይቼ፣ በ47 ዓመቴ ያንን አገር ከጫፍ እስከ ጫፍ በብስክሌት አቋርጣለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ኮርንዎል በሚባለው አውራጃ፣ «ላንድስ ኤንድ» የሚሉት ባሕር የሚደበድበው ገደል አለ። ስሙ ሲተረጐም የምድር መጨረሻ ማለት ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ በስኮትላንድ ዳርቻ «ጆን ኦግሮትስ» የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብስክሌተኞች ግን ከከባድ መኪና ለመሸሽ በገጠር መንገድ ስለሚዞሩ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1871 ሁለት ወንድማማቾች ከሰሜኑ ጫፍ ተነሥተው እስከ ደቡቡ በእግራቸው ሄደውበታል። በ1880 ደግሞ ሁለት ሰዎች፣ የፊት እግሩ እንደ ጋሪ በሚተልቀው በዚያ በጥንቱ ብስክሌት፣ በ13 ቀን ጨርሰውታል።

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ለእናቶች የምትቀርበው ኢሊን ሸሪዳን ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 የምትሆን፣ የልጅ እናት የሆነች ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንኑ መንገድ በ2 ቀን ከ11 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ፈጸመችው። ይህ የሴቶች ሪኮርድ የተሰበረው ከ36 ዓመት በኋላ በ1990 ነው። ኢሊን በ2023 በ99 ዓመቷ ዐርፋለች። እኛን 14 ቀን እንደ ፈጀብን አስቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል።

«እኛ» የምላችሁ 11 ሰዎች ነን፤ ሰባታችን ሴቶች። የተነሣነው ለበጎ አድራጎት ነው። በዚያ አገር ሰው ረጅም መንገድ ሊሄድ ሲነሣ ወዳጅ ዘመዱ «ከፈጸምህ ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብሎ ቃል ይገባል፤ ገንዘቡም ለታሰበለት ድርጅት ይገባል። በዚሁ መንገድ ላይ የታወቀው የክሪኬት ተጫዋች ኢያን ቦታም በ1985 በእግሩ ተጕዞ ለደም ካንሰር ምርምር ገንዘብ ካሰባሰበ ወዲህ ልማዱ ይበልጥ ተስፋፍቷል። የእኛ ገንዘብ የሚሄደው የማይድን ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ከነወላጆቻቸው ለሚያርፉበት ቤት ነው። እንዲህ ዓይነቱ የልጆች ቤት በዓለም ላይ የመጀመሪያው በ1982 በኦክስፎርድ ከተማ የተከፈተው ሄለን ሃውስ ሲሆን፣ መሥራቿም አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ከ11ዳችን አንዷ ልጇ የመጨረሻ ወራቱን በእንዲህ ያለ ቤት ያሳለፈባት እናት ናት። ስለ ልጁ ብዙ አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም።

ከመነሣቴ በፊት ቃል ለማስገባት ወደ ዕድራችን ሴቶች ሄድሁ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መስጠት ከፈለግሽ ዝም ብለሽ አትሰጪም? የታመመ ሕፃን አንቺ ዝናብ ላይ ስታድሪ ምን ይጠቀማል?» መልስ አጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁና ይህ ጥያቄ እስከ ስኮትላንድ ድረስ ከኋላዬ ተፈናጥጦ ሄዷል።

ብዙ ሰው ተራራው በስኮትላንድ ነው ይላል። እኔ ግን እግሬን የሰበረው ገና በመነሻው ያለው የኮርንዎልና የዴቨን ኮረብታ ነው። አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱን ወጥታችሁ ሳትተነፍሱ ሌላው ይጀምራል። መንገዱ በሁለት ከፍተኛ አጥር መካከል ስለሚያልፍ የሚመጣውን አታዩም። በሦስተኛው ቀን ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁ፤ አንዲት ሽማግሌ ከበራቸው ቆመው «እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው» አሉኝ። ስለ መካከለኛው እንግሊዝ ብዙ አልጽፍላችሁም፤ ሜዳ ነው፣ ላም ነው፣ ያለማቋረጥ የሚያካፋ ዝናብ ነው።

ስኮትላንድ የገባነው በግሬትና ግሪን በኩል ነው። ይህች መንደር ለቤተሰብ ዓምድ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1754 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳያገባ ሕግ ሲወጣ፣ የስኮትላንድ ሕግ ግን በሁለት ምስክር ፊት ከተስማሙ ይበቃል ይል ነበር። ስለዚህ የተዋደዱ ወጣቶች እየኮበለሉ ድንበሩን ሲሻገሩ የሚያገኟት የመጀመሪያዋ መንደር ይህች ሆነች፤ የሚያጋባቸውም የመንደሩ ቀጥቃጭ በመስፉ ላይ መዶሻውን እያሳረፈ ነበር ይባላል። ሴቷ ልጅ በ12 ዓመቷ ማግባት ትችል እንደ ነበርና ዕድሜው ወደ 16 ከፍ ያለው በ1929 መሆኑን ስሰማ ግን የፍቅሩ ወግ አልጣመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በዘጠነኛው ቀን ሎሞንድ ከሚባለው ረጅም ሐይቅ ዳር ተነሥተን ራኖክ ሙር ወደሚሉት ከፍተኛ ረግረግ ወጣን። እዚያ ዛፍ የለም፤ ቤት የለም፤ የሚያስጠልል ግንብ የለም። ጥቁር ውሃ፣ ቡናማ ሣር፣ ድንጋይና መንገድ ብቻ። ወሩ ሰኔ ስለሆነ በአገሩ አቆጣጠር በጋ ነው፤ ሙቀቱ ግን 7 ዲግሪ ነበር። ዝናቡ ከላይ ወደ ታች አይዘንብም፣ ከጎን ይገርፋል። ጣቶቼ ፍሬን መያዝ እስኪያቅታቸው ደነዘዙ።

በዚህ መካከል ከሁላችን ብርቱ የነበረው የ24 ዓመት ወጣት ጎማ ፈነዳበት። ቀጭን ነው፤ ሥጋ የሚባል በላዩ የለም። ካላማዳሪያ ለመቀየር 20 ደቂቃ ያህል ቆመ። ሲነዳ ያሞቀው የነበረው ጉልበቱ ነበርና ሲቆም ሙቀቱ ተሟጠጠ። ስንደርስበት በኃይል ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡን ተወና «አሁን ተሻለኝ» አለን። ቃሉ ግን እንደ ሰካራም ይንተባተባል፤ መፍቻውን ከእጁ ይጥላል፤ ያነሣዋል፤ መልሶ ይጥላል።

እናቶች ሆይ፣ ይህን አስተውሉ። በብርድ የተመታ ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ተሻለው ማለት አይደለም፤ ገና እንደ በረደው ሳለ ካቆመ የባሰውን ማለት ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮ ይደክማል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ እግር ይሰናከላል። ታማሚው ራሱ አይታወቀውም። እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ ራሱንም ሸፍኑ፤ ከነፋስ አስጠልሉት። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት። አረቄ «ያሞቀዋል» እያሉ የሚሰጡ አሉ፤ ጭራሽ ሙቀቱን ያስወጣበታልና ተዉ። እጅና እግሩንም አትሹት። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። በክረምት ከትምህርት ቤት በስብሶ ለሚመጣ ልጅም ቢሆን እርጥቡን ከላዩ ማውለቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ዕቃችንን የምትጭነው መኪና ቀድማን ሄዳለች፤ ስልክ አይሠራም። እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ሲመጣ ሁለት ሆነን መንገዱ መካከል ቆምን። ሾፌሩ አንድ ቃል ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ። ልጁን አውልቀን፣ በሾፌሩ ካፖርትና ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ከፊት ወንበር አስገባነው። ያቺ እናት ከጎኑ ገባችና አቀፈችው። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ድረስ ጉንጯን ከጉንጩ ሳታላቅቅ ይዛው እንደ ነበር ሾፌሩ ኋላ ነገረን። ወጣቱ በማግሥቱ ተለቀቀ።

የቀረነው በግሌንኮ ሸለቆ ድንኳን ተከልን፤ መትከል ከተባለ ነው። ካስማው በረጠበው አፈር ውስጥ አይጨብጥም፣ ነፋሱ እየነቀለ ይጥለዋል። ድንጋይ ለቅመን በካስማው ላይ ከመርን። እኩለ ሌሊት ላይ ከጎኔ ያለችው ሴት የጋዝ ምድጃዋን ድንኳኑ ውስጥ ልትለኩስ ስትል እጇን ያዝሁት። እሷ ገረማት፤ እናንተን ግን አይገርማችሁም። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ታሪክ በየሰፈራችን አለ። የጋዙም ምድጃ በታፈነ ቦታ ያንኑ መርዝ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ያስተኛል። ስለዚህ በብርድ እየተንዘፈዘፍን አንድ የመኝታ ከረጢት ለሁለት ለብሰን ነጋልን።

ያንን ሸለቆ ሰው የሚያስታውሰው በሌላ ብርድ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1692 የንጉሡ ወታደሮች በማክዶናልድ ጎሣ ቤቶች በእንግድነት 12 ቀን ያህል ሲበሉና ሲጠጡ ሰነበቱ፤ አለቃው ለንጉሡ የታማኝነት መሐላ በቀኑ አልገባም ተብሎ ነበርና፣ አንድ ሌሊት ተነሥተው ያስተናገዷቸውን ፈጁ። በእጃቸው ወደ 38 ሰው ሞተ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነው ቤታቸው ሲቃጠል ወደ ተራራው የሸሹት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ በበረዶው ውስጥ አለቁ። የእንጀራ ባለ ዕዳ እንዲህ ሲያደርግ ለእኛ አገር ሰው መስማቱም ይከብዳል።

ጧት ተሰበሰብን። ከፊሉ እንቀጥል አለ፤ ከፊሉ ነፋሱ ይብረድ አለ። እኔ መኪና ላይ መውጣት ፈለግሁ፤ ወጣሁም። ከግሌንኮ እስከ ፎርት ዊልያም ያለውን 26 ኪሎ ሜትር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በመኪና ሄድሁ። ያቺ እናት ግን ከሐኪም ቤት ተመልሳ ብስክሌቷን አነሣችና በዝናብ ነዳችው። ስትደርስ «እንዴት ነበር?» አልኋት፤ «እርጥብ» ብላኝ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ከፈት ሲል ትንኙ መጣ። በስኮትላንድ ደጋ የበጋ ትንኝ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም፤ ነገር ግን በሺህ ሆና ትመጣለች፤ ወደ ዐይንና ወደ ጆሮ ትገባለች። ነፋስ ሲኖር ትጠፋለች። ማታ ነፋሱን ስንረግም ከርመን አሁን ንፈስልን ብለን ለመንን። ሌላው ያስቸገረን ብርሃኑ ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰውነት የመኝታ ጊዜ መድረሱን አያምንም።

በሰሜን ዳር ስትራትኔቨር በሚባል ሸለቆ ስንወርድ ሣሩ የሸፈናቸው የቤት መሠረቶች አየን። በ1814 እና በ1819 የመሬቱ ባለቤት የነበሩት እመቤት የሰዘርላንድ ባላባት ገበሬውን አስነሥተው መሬቱን ለበግ ርቢ ሰጡት፤ ሎሌዎቻቸው የጭሰኛውን ጎጆ እያቃጠሉ አስወጡት። ባላባቷ ሴት መሆናቸው ለተፈናቀሉት እናቶች ምንም አልጠቀመም። ዛሬ በሸለቆው የሚሰማው የበግ ድምፅ ነው።

በ14ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጆን ኦግሮትስ ደረስን። ብዙዎች የብሪታንያ የሰሜን ጫፍ ይመስላቸዋል፤ እውነተኛው ጫፍ ግን ደኔት ሄድ የሚባለው ከዚያ በስተ ምዕራብ ያለ ገደል ነው። ሁሉም የመንገድ ምልክቱ ሥር ፎቶግራፍ ለመነሣት ተሰለፈ። ያቺ እናት አልተሰለፈችም፤ ከመኪናው የራሰውን ድንኳን አውርዳ አጥር ላይ ታሰጣ ነበር።

ለእትዬ ስልክ ደወልሁና 26ቱን ኪሎ ሜትር በመኪና መሄዴን ተናዘዝሁ። ቃል የገቡልኝ ሰዎች ገንዘባቸውን ይቀንሱ እንደሆነ እንዲጠይቁልኝ ለመንኋቸው። ሳቁ። «በዝናብ ድንኳን ውስጥ ማደርሽን ሰምተው፣ አስቀድመው እምቢ ያሉኝ ሦስት ሴቶች ትናንት አመጡ» አሉኝ። «አንዷማ የራሷ ልጅ ታሞ እንደ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችን፤ አሥር ዓመት በአንድ ዕድር ስንኖር አናውቅም ነበር።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ልብስሽን ቀየርሽ ወይ?» አሉኝ።

አልቀየርሁም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ አጥሩ ሄድሁና የድንኳኑን ሌላ ጫፍ ያዝሁላት። እስከ ማታ አልደረቀም፤ እርጥቡን አጥፈን ጫንነው።