አፈር የሌለው ጓሮዬ

አባቴ ወናጎ አካባቢ ባለችው ጠባብ መሬቱ ላይ እንሰቱን፣ ቡናውንና ዋንዛውን አንዱን በአንዱ ጥላ ሥር አስማምቶ ያኖራል። ይህ አስተራረስ ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኔ ዲላ ከተማ፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንድ መስኮት አለኝ፤ የምቆፍረው አፈር የለኝም። ሰላጣና ቆስጣ በውኃ ላይ ማብቀል የጀመርኩት እዚያች መስኮት ሥር ነው።

መጀመሪያ የተማርኩት ማዳበሪያን ነው፤ ብዙ ያስከፈለኝም እሱ ነው። ገበሬ የሚጠቀምበትን ዩሪያ በውኃ በጥብጬ ሰጠሁ። በሳምንቱ የሰላጣው ቅጠል ጫፍ ጫፉን ተቃጠለ። ዩሪያን ለተክል ምግብነት የሚያዘጋጁት በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ ወደ አሞኒያ፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በንጹሕ ባልዲ ውስጥ ይህን ሥራ በበቂ የሚሠራ የለም። በዚያ ላይ ዩሪያ ከናይትሮጅን በቀር ሌላ ምግብ የለውም፤ ካልሲየም ያጣ ሰላጣ ደግሞ ለጋ ቅጠሉ ከዳር ይጠቁራል። ለውኃ እርሻ የሚሆነው ማዳበሪያ ካልሲየም ናይትሬት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ፖታሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ማዕድናት ያሉበት ነው። ካልሲየሙን ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ሳይቀጥኑ አንድ ላይ አትበጥብጡ፤ እንደ ኖራ ታች ይዘቅጣል።

አባቴ ዕድሜ ልኩን ዩሪያ ሳይገዛ የኖረበት ምክንያት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የረገፈው የዋንዛ ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል፣ የእንሰቱ የደረቀ ቅጠል እዚያው ይወድቃል፤ አፈሩ የቀረውን ይጨርሳል።

ሁለተኛው የአየር ነገር ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ በኤሌክትሪክ አየር መንፊያ መመካት አልፈለግሁም። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀውን ዘዴ ያዝኩ፤ ፓምፕ አይፈልግም። ባለ20 ሊትር ባልዲ ክዳኑን በስታችሁ ችግኞቹን ታስቀምጣላችሁ፤ ተክሉ ውኃውን እየጠጣ ሲሄድ ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ያለው ሥር አየር ይስባል፣ የታችኛው ውኃ ይጠጣል። እኔ ግን አንድ ቀን ውኃው ጎድሎ ሳየው አዘንኩለትና እስከ አፉ ሞላሁት። በሁለተኛው ቀን አራቱም ሰላጣ አንገታቸውን ደፉ። ክዳኑን ሳነሳ ትናንት እንደ እንሰት ቃጫ ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ሆኗል፣ ይሸታል፣ በጣቴ ስነካው ተልጦ ወጣ። አየር የለመደው ሥር በውኃ ታፍኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስጨምር ከግማሽ አላሳልፍም።

ባልዲው ብርሃን የማያስገባ መሆን አለበት። በነጭ ጀሪካን የሞከርኩት በአሥር ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሽበት አበቀለ፤ ጥቁር ላስቲክ ስጠቀልልበት ቆመ።

የውኃው አሲድነት ከ5.5 እስከ 6.5 ፒኤች ቢሆን ይመረጣል። እኔ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ በማግስቱ ወረደ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ። ሎሚ ለሰላጣው ማጣፈጫ እንጂ ለባልዲው መፍትሔ አይደለም።

ለችግኙ መደገፊያ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተጠቀሙ፤ የኛ አገር አበባ እርሻዎችም ጽጌረዳ ያበቅሉበታል። ግን ውኃው ጥርት እስኪል እጠቡት።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ለተክል ማሳደጊያ የሚሆን ሐምራዊ መብራት አውሶኝ ማታ ማታ ሳበራው፣ ግቢው ውስጥ «ሐሺሽ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። አከራዬ በሩን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ ደጄ ላይ ፖሊስ እንዳይመጣብኝ» አሉኝ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን ይከለክላል፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። አስገብቼ ባልዲውን ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬን ክፍት አድርጌ እሠራለሁ። መብራቱንም መለስኩ፤ ዲላ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኗ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ የሚያገባ መስኮት ለሰላጣ ይበቃዋል።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ በአንድ ባልዲና በአራት ችግኝ ጀምሩ። ችግኙን ካዛወራችሁበት ቀን ጀምሮ እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ታገሡ፤ መጀመሪያ የሚደርሰውን ደግሞ ለጎረቤታችሁ ስጡ።