ምክንያቴ ሌላ ነበር

ሰው «ይህን ሁሉ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ተደፍተህ ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ መልሴ ዝግጁ ነበር፤ «የቤተሰብ ማስታወሻ አቆያለሁ» እላለሁ። ሰሚው ይመርቀኛል። እናቴም ስንት ጊዜ መርቃኛለች። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ እንጂ እውነተኛው ምክንያቴ እሱ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አክስቴ ከዋሽንግተን በላከችልን ሚኒ ዲቪ ካሜራ ነው። አደራዋ «እናቴን ቅረጹልኝ» የሚል ነበር። አያቴን ጥጥ ስትፈትል ቀረጽኳትና ካሜራውን ከቤታችን ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ምስሉ ቀለም የለውም፤ ደግሞም ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ቤተሰቡ «ተበላሽቷል» ብሎ ወደየሥራው ሄደ። እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። ስጠይቅ፣ ሳነብ ቆይቼ ደረስኩበት። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ካሜራ የሚቀርጸው ኤንቲኤስሲ በሚባል ሥርዓት ነበር፤ በሰከንድ 30 ገደማ ፍሬም፣ በፍሬም 480 መስመር። የእኛ ቴሌቪዥን የሚጠብቀው ፓል የሚባለውን ነበር፤ 25 ፍሬም፣ 576 መስመር። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ አልተግባቡም እንጂ። ያን በተረዳሁ ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ከአያቴ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ምስል የምንለው ነገር በውስጡ ሥርዓት እንዳለው፣ ሥርዓቱም እጄ ሊገባ እንደሚችል ማወቄ ነው ልቤን የወሰደው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ የቀረበው ዲቪ ምስልን በቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ ካሴቱ ላይ ያለው በፋየርዋየር ገመድ እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። የሚጠይቀው ቦታ ነው፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ዲስኬ የተዘጋጀበት ፋት 32 የተባለው የፋይል ሥርዓት ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ቅጂው 20 ደቂቃ ሳይሞላ ይቋረጣል። መብራት ሲሄድም ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ይህን የማወራለት ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። እኔ ግን በእነዚያ ሌሊቶች ደስተኛ ነበርኩ።

የእንዝርቷን ነገር ልንገራችሁ። አያቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቃት የሚያሳየውን ቦታ አቁሜ፣ አንዱን ፍሬም አጉልቼ አየሁት። የእንዝርቷ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቋል። ለካ ካሜራው አንዱን ፍሬም ባንዴ አያነሣውም፤ መጀመሪያ አንዱን መስመር እየያዘ ቀጣዩን እየዘለለ ግማሹን፣ ከሰከንድ አንድ ስድሳኛ በኋላ ደግሞ የቀረውን ግማሽ ያነሣል። የቱቦ ቴሌቪዥን ዘመን መሐንዲሶች የምስሉን መርገብገብ ለመቀነስ የዘየዱት ዘዴ ነው። ስለዚህ ቆሞ በሚታየው በዚያ አንድ ምስል ውስጥ ሁለት ቅጽበት አለ። አያቴ አልተንቀሳቀሰችምና ፊቷ ጥርት ብሏል፤ እንዝርቷ ግን ሁለት ቦታ ላይ ናት። ኤቨሪ ሊ የሠራውን ቨርቹዋልደብ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፍቼ ሁለቱን ግማሾች ለያየኋቸው። ቅደም ተከተላቸውን ሳቀያይረው እንዝርቷ ወደ ፊት ሄድ፣ ወደ ኋላ መለስ እያለች ትንቀጠቀጣለች። በዲቪ የሚቀድሙት የታችኞቹ መስመሮች ናቸው፤ እነሱን ሳስቀድም እንዝርቷ ያለ እንከን ሾረች። ሌሊቱን ሙሉ ዐይኔ ከእሷ አልተነቀለም። የአያቴን ፊት ልብ ብዬ አላየሁትም።

አያቴን ሳልወዳት ቀርቼ አይደለም፤ እወዳታለሁ። ነገር ግን ያ ፍቅርና ይህ ፍቅር የየራሳቸው ናቸው፤ እኔ አንዱን በሌላው ስም ስጠራው ኖርኩ። ይህን እርግጠኛ ያደረገኝ ጎረቤታችን ያመጡልኝ የድሮ የሠርግ ቪኤችኤስ ካሴት ነው። ከሠርገኞቹ አንዱንም አላውቅ። ሆኖም ካሴቱን ስከፍተው እጄ ላይ የነበረው ጉጉት ያው የበፊቱ ነበር። የማን ማስታወሻ እያቆየሁ ነው ልበል?

ለምን ደበቅኩት ብዬ ራሴን ስመረምር፣ የተማርኩት ሰው የሚመሰገነው ለሌላ ሰው በሚጠቅም ነገር ሲደክም መሆኑን ነው። ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብቻ የሚያመሽ ሰው በእኛ ዘንድ ሥራ ፈት ነው። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረውን ኤፍኤፍኤምፔግን የመሳሰሉ የቪዲዮ ፕሮግራሞች በነፃ ባይለቀቁ እኔ የዚህን ዓለም ደጃፍ ባልረገጥኩም ነበር። ነገርን ውስጡ ድረስ ማወቅ መውደድ ማስተባበያ አያስፈልገውም። አልስማማም እያልኩ ግን በአያቴ ስም ተሸሸግሁ፤ የሚከብደኝ ይኸው ነው።

በቅርቡ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ ማስታወሻ የምልሽ ሰበብ ነበር፤ እኔ የምወደው ማሽኑን ነው» አልኳት። ቡናዋን እየቀዳች «እሱማ መች ጠፋኝ፤ ብቻ ካሴቱን እንዳታጠፋብኝ» አለችኝ። ካሴቱ በሁለት ዲስክ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ አንዱን ለእሷ ሰጥቻታለሁ።

አሁን የያዘኝ ጎረቤታችን ያመጡልኝ የሠርግ ካሴት ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁና ምስሉ እኩል ይሄዳሉ፤ መጨረሻው ግድም የሽማግሌው ከንፈር ካረፈ በኋላ ምርቃታቸው ገና ይሰማል። ኮምፒውተሬ ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ካርድና ድምፁን የሚቀበለው ካርድ የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው፣ በመካከላቸው ያለው ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት እየተጠራቀመ ይመጣል። ድምፁን በምን ያህል ባሳጥረው እንደሚገጥም ለማወቅ ከመጀመሪያና ከመጨረሻ አንዳንድ ጭብጨባ መርጫለሁ፤ እጅ ከእጅ የሚገናኝበት ፍሬም በግልጽ ይታያልና። ከእራት በኋላ እለካዋለሁ።