ቀይዋ መብራት

ከመኝታ ክፍላችን ልጆች እያንዳንዱ ከአልጋው ራስጌ የለጠፈው ሥዕል አለው። አንዱ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል፥ አንዱ የኳስ ተጫዋች፥ አንዱም የእናቱን ፎቶግራፍ ለጥፏል። እኔ የለጠፍሁት የአውቶሞቢል ሥዕል ነው። «አንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነህ ወይስ የጋራዥ ልጅ?» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። በዚህች መጽሔት ላይ ስለ መኪና እንድጽፍ ያስገደደኝ ነገር ግን የሚያሥቅ አይደለምና፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ታገሠኝ።

ሥዕሉ አውዲ ኳትሮ የሚባለው የጀርመን መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1980 በጄኔቭ ትርኢት ላይ እስኪታይ ድረስ፥ ባለ ሁለት ዲፈረንሺያል ሲባል በአብዛኛው ሰው አሳብ የሚመጣው የጦር ሠራዊትና የገጠር መኪና፥ ከባዱና ዘገምተኛው ነበር። ኳትሮ ባለ አምስት ሲሊንደር፥ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይዞ ኃይሉን ለአራቱም ጎማዎች አከፋፈለና በጭቃም በበረዶም ላይ መሮጥ እንደሚቻል አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ሚሼል ሙቶን የተባለች ፈረንሳዊት በዚሁ መኪና በኢጣልያ የሳንሬሞን ራሊ አሸንፋ፥ በዓለም የራሊ ሻምፒዮና ውድድር አንደኛ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፊንላንዳዊው ሐኑ ሚኮላ በጎረቤታችን በኬንያ የሚደረገውን የሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው የዚሁ ዘር በሆነው በአውዲ 200 ኳትሮ ነው።

ይህ ሁሉ ምኞት ነው። ባለቤቱ ልሆን ቀርቶ ኳትሮን በዓይኔም አይቼው አላውቅም። በእጄ የገባችው ጀርመናዊት የአጎቴ ቮልስዋገን ናት።

አጎቴ በጉደር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ቮልሷ የ1965 እ.ኤ.አ. ሥሪት ስትሆን፥ በወጣትነታቸው ከሌላ መምህር እጅ ገዝተዋት ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው አልወጣችም። ጉልበቷ 34 ፈረስ ብቻ ነው። ቮልስ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የራሷ ገጽ እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። አጎቴ ይህ ነገር ሲነሣ፥ «ወደ ኋላ ወንበሯ ለመግባት ንጉሥም ተማሪም ጎንበስ ማለት ግዱ ነው» ይላሉ።

መንዳት ያስተማሩኝ ወዲያው መሪ አስይዘው አይደለም። ሙሉ አንድ ክረምት አጥቢና መፍቻ አቀባይ አደረጉኝ። ካንዴላ ማጽዳት፥ የቫልቭ ክፍተት መለካት፥ 2 ሊትር ተኩል ዘይቷን መለወጥ፥ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው ቁልፉን የሰጡኝ። «መኪና ያለው ሰው ሌላ፥ መኪናውን የሚያውቅ ሰው ሌላ» ይሉ ነበር። እኔም በሆዴ፥ «መንዳቱ መቼ ይመጣል?» እላለሁ።

መኪና የማያውቅ አንባቢ ቀጥሎ የምነግረውን እንዲረዳልኝ አንድ ነገር ላስረዳ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ራዲያተርም የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን ነፋስ ነው። ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተተክሏል፤ ሁለቱንም የምታዞር አንዲት ቺንጊያ ናት። ቺንጊያዋ ከተበጠሰች ዲናሞውም ማራገቢያውም ይቆማሉ፤ በነጂውም ፊት ቀይ መብራት ትበራለች። ሞተሩ ግን አይቆምም። ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ክፋቱም ይህ ነው፤ ነጂው ካላቆመው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በገዛ ሙቀቱ ይቃጠላል። ስለዚህ አጎቴ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቅር እልሃለሁ። ቀይዋ ስትበራ ግን ለምን ብለህ አትጠይቅ፤ ቁም።» ትርፍ ቺንጊያም ሁልጊዜ ከፊት ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ለመለወጥ የምትፈጀው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በአምቦ መንገድ ላይ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከዚያም ወዲህ ነው አንድ አሮጌ ቮልስ የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው የአጎቴን መኪና ሊገዛ የመጣው። ያቀረበው ዋጋ ደኅና ነበር። አጎቴም የልጃቸው የነርስነት ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ክፍያ ነበረባቸውና እሺ አሉ። እኔ ግን ከፋኝ። እንደምመረቅ ቮልሷ የእኔ ትሆናለች ብዬ አስብ ነበር፤ ማንም ቃል አልገባልኝም፥ እኔው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር እንጂ። ለአጎቴ ምንም አልተናገርሁም። አኩርፌ ግን ሰነበትሁ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር መኪናዋን ወደ አዲስ አበባ ወስጄ ለገዢው እንዳሳየው ላኩኝ። ገዢው ነዳት፥ አደነቃት፥ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጉደር ድረስ መጥቶ ገንዘቡን ሊከፍል ተስማማ። ወደ ቤት ስመለስ ወደ አምቦ የሚሄዱ ሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቼን አሳፈርሁ። በቡራዩ አድርገን፥ መናገሻን አልፈን፥ ሆለታ ሻይ ጠጥተን ጉዞ ቀጠልን።

እኔም ጉራዬን ጀመርሁ። አዲስ ዓለም ስንደርስ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻ ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው እንደ ነበርና ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ያሠሩት መንገድ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ መሆኑን ነገርኋቸው። ከዚያ ወደ ቮልሷ ዞርሁ። ይህችው ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ከትልልቆቹ መኪኖች ቀድማ እንዳሸነፈች፥ ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነ ክብደቱ በሚገፉት ጎማዎች ላይ አርፎ በጭቃ እንደሚረዳት፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ጀርመኖች ከዚሁ ዓይነት በአራቱም ጎማ የምትሄድ ለጦር መኮንኖች በጥቂት መቶዎች እንደ ሠሩ አብራራሁ። «ስለዚህ ኳትሮ የዚች የታናሽ እኅቷ ልጅ ማለት ነው» አልኋቸው። ጓደኞቼም ሣቁ፤ አጨበጨቡልኝ።

በዚህ ጊዜ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከኋላችን መጥቶ ያለ አንዳች ድምፅ አልፎን ሄደ። ውስጡ ያሉት ልጆች ዞረው እጃቸውን አወዛወዙልን። ይህ እንደ ስድብ ተሰማኝና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥሁት። አልደረስሁበትም፤ ልደርስበትም አይቻልም ነበር። ከአዲስ ዓለም ወደ ጊንጪ ስንሄድ ቀይዋ መብራት በራች።

ከአጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ በጣቱ እያመለከተ፥ «ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ሁልጊዜ ትበራለች» አልሁት።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚች አንዲት ቃል ነው። አላወቅሁም ብዬ ማመካኘት አልችልም፤ ከዚያ መኪና ውስጥ የመብራቷን ትርጉም የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ትርፏ ቺንጊያ ከጉልበቴ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣለች። መፍቻውም አለ። ነገር ግን ስለ ሳፋሪና ስለ ኳትሮ ያን ያህል ካወራሁ በኋላ በመንገድ ዳር ቆሜ፥ ልብሴን ዘይት ነክቶት፥ ያ መኪና እየራቀ ሲሄድ መታየቱን ጠላሁት። ጊንጪ ከተማ ገብቼ በጸጥታ እለውጣታለሁ ብዬ አሰብሁ። ጊንጪ ስደርስም ሞተሩ አሁንም ይሄድ ስለ ነበር፥ «ደግሞ ጥቂት» አልሁና አለፍሁ።

ከጊንጪ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን የሚነድ ቀለም የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ መኪናዋ ጉልበቷን እያጣች ሄደች። ከዚያም አንድ ጊዜ ብረት ከብረት ሲነክስ ተሰማና ዝም አለች። ዝናቡም በዚያው ሰዓት ጀመረ። ከመንገዱ ዳር ለማውጣት ስንገፋ ጎማዋ ከአስፋልቱ ወርዶ ጥቁሩ የኮትቻ አፈር ዋጣት። ኮትቻን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሰውን ጫማ ተቀብሎ እግሩን ብቻ የሚመልስ ጭቃ ነው። ከማሳ የሚመለሱ ሁለት ገበሬዎች ሳንጠራቸው መጡ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው፥ በኦሮምኛ እያበረታቱን፥ ከሦስቱ ጓደኞቼ ጋር ትከሻቸውን ሰጡ። በስንት ትግል ከጭቃው ወጣች። በዚያች ቀን የቮልሷ ሁለተኛ ዲፈረንሺያል እነዚያ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው፥ «ምን ሆነች?» ብሎ ሲጠይቀኝ፥ «አርጅታለች» ብዬ መለስሁ። ሁለተኛው ውሸት ይኸው ነው።

በማግሥቱ በአይሱዙ ተጭና ጉደር ገባች። አጎቴ የኋላ ክዳኗን ከፍተው የተበጠሰችውን ቺንጊያ አዩ። ከፊት ከፍተውም በጋዜጣ የተጠቀለለችውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፥ «ቀይዋ በርታ ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም፥ ጋሼ» አልሁ።

«እሺ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢጮሁብኝ እንዴት በቀለለኝ!

ገዢው ነገሩን በሰማ ጊዜ ሞተር ለሌላት መኪና ያንን ዋጋ አልከፍልም ብሎ ቀረ። የአጎቴ ልጅ፥ እንደ እኅቴ የማያት፥ የትምህርቷን ክፍያ ለማስረዘም ኮሌጇ ድረስ ስትመላለስ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ማታ ወጥ እየጨለፈችልኝ፥ «አንተ እንኳ እንዳትሸጥ ትፈልግ ነበር፤ ይኸው ቀረችልህ» አለችኝ። ነገሩን ለነገር ብላ አልተናገረችውም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። መብራቷን አይቼ ያለፍሁት ለኩራት ብቻ ነውን? ወይስ በሆዴ ውስጥ፥ መኪናዋ ለሌላ ከምትሆን ትበላሽ የሚል ነገር ተደብቆ ነበር? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማያጠራጥር መልስም አላገኘሁለትም።

ሲነጋ አጎቴን ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ጋሼ፥ መብራቷን አይቻታለሁ። ከጊንጪ በፊት ነው የበራችው» አልኋቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አውቄአለሁ» አሉኝ። «ማየትህን መብራቷ ነግራኛለች፤ እሷ ዋሽታ አታውቅም። እኔ የጠበቅሁት አንተ እስክትነግረኝ ነበር። በል አሁን መፍቻውን አምጣ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምቦ ጉደር እየሄድሁ ከአጎቴ ጋር ሞተሩን ፈታሁ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የታክሲ ገንዘብ ባጣሁባቸው ቀኖች በእግሬ ሄጄዋለሁ። የተቃጠሉትን ፒስተኖችና ሲሊንደሮች የሚተካ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ገንዘቡን ያገኘሁት የስምንተኛ ክፍል ልጆች በማስጠናት ነው፤ ዕቃውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እያደረግሁ ገዛሁ። የአጎቴ ዓይን ደክሟልና ክፍተቱን የምለካ እኔ፥ በጣታቸው ዳስሰው «ልክ ነው» የሚሉ እሳቸው ነበሩ። መኪና ያለው ሰውና መኪናውን የሚያውቅ ሰው የሚለያዩበትን ነገር የተረዳሁት በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው፤ ስለ ጭቃ መንገድ ውድድር የማውቀው ታሪክ ሁሉ አንዲት ብሎን ለመፍታት አልረዳኝም።

በየካቲት ወር ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ ሳል ሳል አለው፤ ከዚያም ያ እንደ ወፍጮ የሚመታ የታወቀ ድምፁ ግቢውን ሞላው። አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ገዢው እንደገና ተጠራ። ዋጋውን ጥቂት ቀንሶ ተስማማ። የልጅቷም ክፍያ፥ ቢዘገይም፥ ተከፈለ። መኪናዋን አዲስ አበባ ያደረስሁ እኔ ነኝ። በመንገድ ላይ ብዙ መኪና አለፈኝ፤ ሁሉንም በእጄ «እለፍ» እያልሁ አሳለፍሁ። ጊንጪ አጠገብ፥ ጭቃው ከዋጠን ቦታ ስደርስ አቁሜ ወረድሁ። እነዚያን ገበሬዎች አገኝ እንደ ሆነ ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ፤ አላገኘኋቸውም።

ገዢው ቤት ስደርስ ሰውዬው ቀለሟን፥ ወንበሯን፥ ጎማዋን ያሳየኛል ብሎ ጠበቀ። እኔ አስቀድሜ ከነጂው ወንበር አስቀመጥሁትና ቁልፉን ግማሽ አዞርሁለት። ቀይዋ በራች።

«ይቺን ይመልከቱ» አልሁት። «ሞተሩን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ፤ ይህችን አይቼ ዝም ስላልሁ ነው። ስትበራ ለምን ብለው አይጠይቁ፤ ይቁሙ። ትርፏ ቺንጊያ ከፊት ናት፥ በጋዜጣ ተጠቅልላለች።»

ከዚያ ቁልፉን ሰጥቼው በአውቶቡስ ወደ አምቦ ተመለስሁ። የኳትሮው ሥዕል አሁንም ከአልጋዬ ራስጌ ተለጥፏል። ከሥዕሉ በታች ግን የተበጠሰችውን ቺንጊያ በምስማር ሰቅያታለሁ፤ ክፍላችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደ ሆነች ይጠይቀኛል። ዛሬ ለሁላችሁም ነገርኋችሁ።