ደብዛዛ ፎቶ አይቼ የሰጠሁት ምክር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም፤ ስለ ፎቶ አነሳስ ነው። «ፎቶና እርሻ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ታሪኩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አንድ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ኩታበር ያሉ አንድ አባት በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላኩልኝ። አንደኛው ቆመው ያነሱት የስንዴ ማሳ ነው፤ እዚህም እዚያም ቢጫ ቢጫ ብሏል። ሁለተኛው ቅጠሉን ተጠግተው ያነሱት ነው፤ ግን ደብዝዟል። ቢጫ መሆኑ ይታያል እንጂ ሌላ የሚለይ ነገር የለውም። እኔም ቢሮ ቁጭ ብዬ «አባባ፣ ናይትሮጂን አንሶት ነው፤ ዩሪያ ይጨምሩለት» ብዬ መለስኩ። እሳቸውም አምነውኝ፣ ተበድረው ገዝተው በተኑ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። ቅጠሉን በጣቴ ሳብሰው ጣቴ እርድ የነካ መሰለ። ቢጫ ዋግ ነበር። ዩሪያው ደግሞ ጭራሽ አባሰው፤ ናይትሮጂን የበዛበት ለምለም ቅጠል ለዋግ ይመቸዋል። ያን ዓመት ከዚያ ማሳ ያገኙት ምርት የሌላውን ጊዜ ግማሽ እንኳ አልሞላም። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አንተ ያየኸው ፎቶውን ነው፤ ስንዴውን መቼ አየኸው» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢጫ ዋግ ቀልድ አይደለም። በ2002/03 የምርት ዘመን አገራችንን ሲመታ፣ ያኔ በብዙ ቦታ ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎድቶታል። ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት ያለው ደጋ ይወዳል፤ የእኛን አገር ማለት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይገታል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን መርጨቱ ብዙም አይጠቅም። እና ያ ዘጠኝ ቀን ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ደሴ ፒያሳ ወርጄ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። ሌንሱ አይነቀልም፤ ዙሙ ግን ረጅም ነው። ዙሙን ሳልስብ የአበባ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስጫን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቶ ያነሳል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ሳየው ግን ያን ያህል ሲጠጋ የሌንሱ ጥላ ራሱ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ ነፍሳት ከሆኑም ደንግጠው ይበራሉ። ራቅ ብዬ በዙም ልሳበው ስል ደግሞ፣ ካሜራው ከአንድ ሜትር ወዲህ ያለውን አላጠራም አለ።

መላው የተገኘው ከመነጽር ነው። ባለ ሁለት ቁጥር የንባብ መነጽር ከሌንሱ ፊት አስጠግቼ ዙሙን ስስበው፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርቄ የዋጉን ነጠብጣብ አንድ በአንድ አየሁት። ጥላ የለ፣ የሚበር ነፍሳት የለ። ግን ተጠግቶ ማንሳት አንድ ዕዳ አለው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቦታ ብቻ ነው። ትንሽ ነፋስ ቅጠሉን ካወዛወዘው፣ ወይም እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ሁሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አነሳለሁ። አንዱ ይወጣል።

እናንተ ካሜራ መግዛት የለባችሁም። ትምህርቱ ለስልክም ይሠራል፦

1. ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የላብና የአቧራ ነገር ብዙ ፎቶ ያበላሻል።
2. ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ። ብዙ ስልኮች ከዚያ በጣም ሲጠጉ ያደበዝዛሉ። ቅጠሉን ስክሪኑ ላይ በጣት ንኩና እስኪጠራ ጠብቁ፤ ከዚያ አንሱ።
3. ጠዋት አንሱ። ነፋሱ ገና አይነሳም፤ ክሽክሽና ሌላው ነፍሳትም በብርዱ ደንዝዞ ይቆያል። ፀሐይ ከበረታ ነጭ ነጠላ ዘርግታችሁ አጥሉበት።
4. ቅጠሉን መዳፋችሁ ላይ አሳርፉት። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ፤ መጠኑን እንድለይ።
5. አንድ ፎቶ አይበቃም። ማሳውን፣ ሙሉውን ተክል፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ላኩ። የታችኛው ቅጠል ነው የላይኛው የሚለውንም ጻፉልኝ።

የመጨረሻው ለምን አስፈለገ? ናይትሮጂን ሲያንስ ቢጫው የሚጀምረው ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል፣ ከጫፉ ነው፤ ዱቄት የለውም። ቢጫ ዋግ ግን ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ በቅጠሉ ርዝመት እንደ ስፌት ይሰለፋል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲታሸት ቢጫ ይለቃል። ስልካችሁ ባትሪ ቢጨርስ እንኳ ይህን በጨርቅ መሞከር ትችላላችሁ።

ባለፈው ክረምት እኚያው አባት እንደገና ላኩልኝ። ቅጠሉ መዳፋቸው ላይ፣ ሳንቲሙ አጠገቡ፣ ሁሉም ጥርት ያለ። ነጠብጣብ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ቢጫው ከታች ቅጠል ጫፍ ነው የጀመረው። በዚህኛው ጊዜ እውነትም ናይትሮጂን ነበር ያነሰው። ሆኖም ዩሪያ ግዙ ከማለቴ በፊት ማሳቸው ሄጄ አየሁ። «ፎቶው አልጠራም እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። «ጠርቷል አባባ፤ እኔ ነኝ ያልጠራሁት» አልኳቸው።

ከእንግዲህ ደብዛዛ ፎቶ ከላካችሁልኝ «እንደገና አንሱልኝ» እላችኋለሁ። አትቀየሙኝ። ያልታየ ነገር ላይ ምክር ብሰጣችሁ፣ ዕዳውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

መልካም የምርት ዘመን!