አርባ አንድ ፍሬ በአምቦ መንገድ

ለቅዳሜና እሑድ አምቦን ካሰቡ፣ ልጆቹ ለዋናው ቢቸኩሉም አዲስ ዓለም ላይ ወረድ ይበሉ። ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆለታን አልፈው ብዙም ሳይርቁ ያገኟታል። አጼ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ጀምረው፣ ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሲያቃልል ሐሳባቸውን ቀየሩ። ለቤተ መንግሥት የታሰበውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ፤ ይጎብኙት። እኔ ግን የማወራዎት በየደብሩ ደጃፍ ከጧፍና ከነጠላ አጠገብ ተሰቅሎ ስለሚሸጠው መቁጠሪያ ነው።

እንዲህ ካለ ደጃፍ ለእናቴ አንድ ገዝቼ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። ቡናማ፣ የተወለወለ፣ ዓይን የሚስብ። የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ጸሎቷን የምትቆጥረው በአውራ ጣቷ ነው። በማግስቱ «ልጄ፣ ይሄ ጎደሎ ነው» አለችኝ። ስቆጥረው 39 ነው። ውበቱን እንጂ ቁጥሩን አላየሁም ነበርና አፈርኩ።

መቁጠሪያ ከሐብል የሚለየው በቁጥሩ ነው። በእኛ ኦርቶዶክሶች ዘንድ የተለመዱት ባለ 41ዱና ባለ 64ቱ ናቸው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲባል ጣት አንድ አንድ ፍሬ ያልፋል፤ 64 ደግሞ እመቤታችን በምድር የኖረችበት ዕድሜ ነው። ሙስሊም ጎረቤትዎ ሙስባሃውን ባለ 33 ወይም ባለ 99 አድርጎ ይይዛል። አንግሊካኖችም እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ የራሳቸውን ሠርተዋል፦ አራት ጊዜ ሰባት ፍሬ፣ በየመካከሉ የመስቀል ቅርጽ የሚሠሩ አራት ተለቅ ያሉ ፍሬዎች፣ አንድ የመግቢያ ፍሬ። ድምሩ 33፣ ጌታ በምድር የኖረበት ዘመን።

ስለዚህ ለራስዎ ሊሠሩ ካሰቡ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን ይወስኑ። እኔ ለእናቴ ሁለተኛውን የሠራሁት አምቦ፣ ከፍል ውኃው ዋና በኋላ፣ ከልጆቼ ጋር ሣር ላይ ተቀምጠን ነው። የጠላ ጋን የምናጥንበትን ወይራ መረጥኩ፤ ሽታው እጅ ላይ ይቆያል። ዛፍ አይቁረጡ፤ ከአናጺ ቤት ቁራጭ ይለምኑና እዚያው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ፍሬዎች አስቆርጠው ያስበሱ። ልጆች በብርጭቆ ወረቀት ያልስልሱ፣ እርስዎ ጥቂት ዘይት ያስነኩት። ቀዳዳው ከ2 ሚሊ ሜትር አይስፋ፤ አለዚያ ቋጠሮው ይሾልካል።

በየፍሬው መካከል መቋጠሩን አይዝለሉ። ፍሬዎቹ ከተጣበቁ ጣት ሁለቱን እንደ አንድ ያልፋል፤ በጨለማ ለሚጸልይ ሰው ደግሞ ቋጠሮው ዓይኑ ነው። 41 ፍሬ ከነቋጠሮው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እጅ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል። ባለ 64ቱ አንገት ይገባል። ክር ግን አይሰስቱ፤ ቋጠሮ ክር ይበላል፣ ለባለ 41ዱ ሜትር ተኩል ይያዙ። እኔ ሰም የተቀባ ጥቁር ክር ነው የተጠቀምኩት። ቀለም ያማረው ልጅ ካለ ጨሌ መሳይ ዶቃ ይደርድር፤ የዚህ አገር የኦሮሞ እናቶች ዶቃ መደርደር ያውቁበታል። ለጸሎት ግን እኔ ደብዛዛውን እመርጣለሁ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ልብን ይወስዳል።

ትንሿ ልጄ ሠላሳኛው ላይ ስትደርስ አንድ ፍሬ ከሣሩ ጠፋባት። ተርፎ የመጣ ፍሬ ነበርና አልተጨነቅንም፤ እርስዎም አምስት ስድስት ጨምረው ያስቆርጡ። መስቀሉን ከጫፉ አሰርን፣ ሦስታችንም በየተራ ቆጠርን።

እሑድ ማታ እናቴ ተቀብላ አሸተተችው። ከመስቀሉ ጀምራ በአውራ ጣቷ እየገፋች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ዞራ መስቀሉ ላይ ስትደርስ ምንም አላለችም፤ እንደገና ጀመረች።